ተቀምጦ ስለ መሮጥ የወጣ አዋጅ

አዋጅ አዋጅ፣ የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የማይሰማውን መስሚያ ይንሳው!

እኛ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ መሐል ባለው ሻይ ቤት የተሰየምን የአትሌቲክስ ሸንጎ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ወንበር ቀድመን በመያዛችን ባገኘነው ሥልጣን፣

ሩጫ ተቀምጠው ሲያዩት ቀላል ሆኖ በመገኘቱ፣ ከአደባባዩ ሰባተኛ ሰፈር ለመድረስ ታክሲ የሚጠብቅ ነጋዴም «ይሄ ልጅ አልሞከረም!» ማለት በማብዛቱ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ «የተቀማጭ ሯጮች አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሰነፈ» ማለት ወርቅ አላመጣም ማለት ነው። ማስረጃ፦ ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ እየተፈራረቁ ዙሩን አከረሩት። በሪሁ 26:43.44 ገባ። ቀነኒሳ በቀለ በ2000 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይ የያዘው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 27:01.17 ነበር፤ ልጁ ከ17 ሰከንድ በላይ አሻሽሎታል። ዩጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ ግን በ30 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። በዚህ ሸንጎ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ኳ ብሎ «ተኝተው ነው!» ተባለ። ይህን ያለው ሰው የሻዩን ስኳር እንኳ ራሱ አላማሰለም።

አንቀጽ 3፤ ስለ መጠባበቅ። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ ዞር ዞር እያሉ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሲጠብቁ ሸንጎው አልቅሷል። ኃይሌ 5ኛ ወጣ፤ ሁለቱ ወርቅና ብሩን ይዘው ስለገቡ ለቅሶው የፍቅር ሆነ። ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ኖሮ ምን እንል እንደነበር እናውቀዋለን። ዛሬ ሯጭ ጓደኛውን ሲጠብቅ «ምን ያስጠብቀዋል?»፣ ሳይጠብቅ ሲቀር ደግሞ «የቡድን ሥራ ድሮ ቀረ!» ማለት ይፈቀዳል። ሁለቱን በአንድ ሻይ ማለት ግን ተከልክሏል፤ ለሁለተኛው አስተያየት ሁለተኛ ሻይ ይታዘዛል።

አንቀጽ 4። በጭቅጭቅ ምክንያት አልጸደቀም።

አንቀጽ 5፤ ስለ ክርን። በዚያው በፓሪስ የሴቶች ማራቶን ሊያልቅ ሲል ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰንና የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ ተገፋፉ። ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች፤ የኢትዮጵያ ቡድን ያቀረበው አቤቱታም ውድቅ ሆነ። ጠዋት «የአዳማ ልጅ እኮ ናት!» ሲል የነበረ ሁሉ ከግፊያው በኋላ «ሆላንዳዊቷ» አላት። ስለዚህ የአንዲትን ሯጭ ዜግነት በአንድ ውድድር ውስጥ መለዋወጥ ክልክል ነው። ቅዳሜ በመርካቶ ያለፈ ሰውም በክርን ጉዳይ አስተያየት አይሰጥም።

አንቀጽ 6፤ ስለ ጨዋነት። በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲበልጠው «ቴርጋት ጨዋ ነው፣ ጀግና ነው» ብለን ነበር። ወርቁ የእኛ ስለሆነ ምስጋናው አልከበደንም። ከእንግዲህ ለራሳችን ልጅ ብር የሚጨበጨበው ያን ጊዜ ለቴርጋት ከተጨበጨበው እንዳያንስ።

አንቀጽ 7፤ ቅጣት። «ሰነፈ» ያለ ሰው 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር መሆኑን በእግሩ እንዲያውቀው የተክለ ሃይማኖትን አደባባይ 25 ጊዜ ይዞራል። ሚኒባስ አይቆምለትም፤ ረዳቶችም አሯሯጭ አይሆኑትም።

አንቀጽ 8። አዋጁ ከሚቀጥለው ሻምፒዮና የመነሻ ተኩስ ጀምሮ የጸና ይሆናል። አዋጁን ያወጣው ሸንጎ ከአንቀጽ 7 ነፃ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል።