ሦስት ሺህ ዋት ለአንዲት ኮሮላ

ድሮ ሬዲዮ ሲከፈት ሰው ለመስማት ብሎ ዝም ይል ነበር። አሁን ዝም የሚለው ቢናገርም ስለማይሰማ ነው።

ጅቡቲን የሚያውቅ የቀትሩን ግርግር ያውቃል። ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ ጥሩምባው፣ ሩጫው፣ የሻጮቹ ጥሪ ባንድ ላይ ይነሳል። ከዚያ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ጥላው ውስጥ ይገባና ከተማዋ ትተኛለች። ከድሬዳዋ በባቡር መጥቼ እዚሁ ስቀር የወደድኩት ያቺን ሰዓት ነበር። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ፊትህ ላይ ይደፋዋል፣ ቢሆንም ጸጥታ ነበረ። ዛሬ ያቺ ሰዓት የስፒከር ሰዓት ሆናለች። እኛ ባልባላ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። አንዱ ጎረምሳ መኪናውን ደጄ ላይ አቁሞ ቤዙን ሲለቀው መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው የራሱ ታርጋ ነው፤ ቀጥሎ የኔ ጣራ፣ ቀጥሎ ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች፣ መጨረሻ ላይ ደም ግፊቴ። ዘፈኑ የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሶማሊኛም ሆነ አማርኛ፣ ቆርቆሮ ሲያልፍ ሁሉም «ድም» ነው።

ይህ የሽማግሌ ንዝንዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የሚያናድደኝ ጩኸቱ ብቻ ሳይሆን የሽቦው አሠራርም ጭምር ነው።

የእህቴ ልጅ ጨዋ ልጅ ነው፣ ወደብ ነው የሚሠራው። በዱባይ በኩል የመጣች ያገለገለች ኮሮላ ገዛ፣ መረቅኩለት። ምርቃቴ ሳይደርቅ አንድ ሣጥን ታቅፎ መጣ። አምፕሊፋየር ነው። ሣጥኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «3000 ዋት» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ጋሼ፣ ሦስት ሺህ ነው!» አለኝ፣ የተወለደለት ያህል ፈክቶ።

«ልጄ፣ ይህን ያህል ኃይል ካለህ ለመንግሥት ሽጥላቸው» አልኩት። «ይቺ አገር እኮ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መብራት ከኢትዮጵያ እየገዛች ነው የምትኖረው።»

አልሳቀም። ልጆቹ ዘንድሮ በዋት አይቀልዱም።

ሣጥኑን ትቼ ዕቃውን አገላበጥኩት። ጎኑ ላይ የተሰካችው ፊውዝ 30 አምፔር ትላለች። ሣጥን ላይ የፈለገው ይጻፍ፣ ፊውዝ ግን አትዋሽም፤ ብትዋሽ ትቃጠላለች። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው የሚሰጠው 14 ቮልት ገደማ ነው። 30ን በ14 ስታባዛው 420 ዋት ይመጣል። ይህ እንግዲህ ዕቃው ሳይቋረጥ ከባትሪ ሊስበው የሚችለው ሁሉ ነው። ከዚያ ላይ፣ የተለመደው ዓይነት አምፕሊፋየር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ እንኳ ግማሽ ያህሉን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል። ለስፒከሮቹ የሚተርፈው 200 ቢሆን ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 50። ሦስት ሺሁ የት ገባ? ባለሣጥኑ ኪስ።

«ታዲያ ሃምሳ ምን ያደርጋል?» አለኝ ከንፈሩን ጥሎ።

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያመኝ። ሃምሳ እውነተኛ ዋት ለአንድ የመኪና ስፒከር ትልቅ ነገር ነው! ሻጩ የሚጮህበት «ማክስ» ወይም «ፒክ» የሚባለው ቁጥር ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ብልጭ የሚል ነው። የምትፈልገው «አር ኤም ኤስ» የሚለውን ነው፤ ዕቃው ሳይደክም እየሠራ የሚውልበትን። አሜሪካኖቹ አምራቾች እንኳ አፍረው «ሲ ኢ ኤ 2006» የሚል መለኪያ አወጡ፤ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ የድምፁ መበላሸት ከ1 በመቶ ሳያልፍ ይለካ አሉ። ይህን ምልክት የያዘ ሣጥን ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ልጆቹ ዞር ብለው አያዩትም። መኪናዋ ይዛው የመጣችው ቴፕም ፊቱ ላይ «50 በ4» ይላል፤ ሲለካ ግን በስፒከር 20 ዋት ቢገኝ ነው። ቢሆንም ሰው በዚያው ስንት ዓመት ጥላሁንን ሰምቶበታል፣ አልቅሶበታልም።

አንድ ሌላ ቁጥር አለች፣ ማንም የማይጠይቃት። ስፒከሩ አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ይጮሃል? ደህና የመኪና ስፒከር 90 ገደማ ይሰጣል። አስተውሉ፣ በአንድ ዋት ነው! 90 ዴሲቤል ደግሞ ጎንህ ከተቀመጠው ሰው ጋር የሚያጨዋውት አይደለም። የዕለት ተዕለት ማዳመጫ፣ ዜናውም ዘፈኑም፣ ከዚያች ከአንድ ዋት ብዙ አይርቅም፤ ከበሮው ሲመታ ብቻ ነው ለቅጽበት ወደ ላይ የሚዘለው። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የሚጨመርልህ 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮውን ሰጥቶ ለሚያዳምጥ ሰው የምትታወቅ ትንሽ ነገር። እጥፍ ድምፅ የመሰለ ነገር ለመስማት አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ 93 የሚሰጥ ስፒከር ከ50 ዋት ጋር፣ 90 ከሚሰጠውና 100 ዋት ከሚበላው ጋር እኩል ይጮሃል፤ ያውም ባትሪውን ሳይጨርስ። ይህን ሁሉ አስረድቼው ሳበቃ ልጁ ምን አለ? «ጓደኛዬ አምስት ሺህ ነው የገዛው።»

ጓደኛውን አየሁት። ሁለት ባለ4 ኦም ስፒከር አንድ መስመር ላይ አጣምሮ አስሮ ለአምፕሊፋየሩ 2 ኦም አድርጎበታል። እንዲያ ያለውን ጭነት የሚችል ዕቃ አለ፤ የሱ ግን ከ4 በታች አታስሩ ብሎ ራሱ ጽፎበታል፣ ማን ያነባል? ከዚያ ከመቀመጫ ሥር፣ ምንጣፍ አልብሶ ሸጎጠው። ጅቡቲ ውስጥ! ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ በሚሄድበት አገር አምፕሊፋየር ምንጣፍ ይለብሳል! ዕቃው ምን ያድርግ፣ ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ልጁ ወርዶ በእጁ ያራግብለታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላውን ደግሞ «ትንሽ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል» ብለው አስፈራርተውታል። የሚያቃጥለው ትንሽነቱ አይደለም፣ ከአቅሙ በላይ መጠምዘዙ ነው። ጣራው ዝቅ ባለ ቤት የሚዘል ልጅ አናቱን እንደሚመታ፣ ድምፁም ወደ ላይ ሲዘል አናቱ ይቆረጣል፤ ያ የተቆረጠ ድምፅ በሙቀት መልክ ቀጭን ድምፅ የምታወጣዋ ትንሿ ስፒከር ላይ ያርፍና ጥቅልሏን ያነዳታል። «ጌይን» የምትባለዋን ቁልፍ ልጆቹ የድምፅ መጨመሪያ ስለሚያደርጓት ነው ይህ ሁሉ። እሷ የተሠራችው ከቴፑ የሚመጣውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ለማስተካከል ነው። ቴፑን ሳይሰነጠቅ እስከሚሄድበት ከፍተህ ጌይኗን ቀስ እያልክ አንሳ፣ መሻከር ሲጀምር መለስ አድርጋት፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብ። እጅ መሰብሰብ ነው ያቃታቸው።

የከባድ መኪናዎቹን ነገርማ ባልጀምረው ይሻላል፤ ግን ጀመርኩት። ፒኬ 12፣ ከባድ መኪናዎቹ የሚቆሙበት፣ ሂዱና እዩ። የኢትዮጵያ ሹፌሮች ጭነት እየጠበቁ ሌሊቱን ካቢና ውስጥ ያድራሉ፣ ሙዚቃ ቢከፍቱ አልፈርድም። ሲኖትራኩ ግን 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ12 ባትሪ ተቀጣጥሎ። የመኪና ቴፕና አምፕሊፋየር ደግሞ 12 ነው የሚፈልገው። 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ዕቃ መግጠም ሲገባ፣ ረዳቱ ይነሳና ከአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ ይጎትታል። ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይራባል፤ ሌላው እስኪፈላ ድረስ ይጠግባል፤ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ሙቀቱ ራሱ ባትሪ የሚገድልበት አገር ላይ ይህን ይጨምሩበታል። ጠዋት ተራ ሲደርስ ሞተሩ «ጭክ» ብሎ ዝም። ከዚያ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ «አባቴ፣ አንዴ ባትሪ ይስጡን!» እየተባለ። እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል፣ እሱ ግን ሌሊቱን ለጋላፊ መንገድ የሚሆነውን ጉልበት ለሠፈሩ ሲዘፍንበት አድሯል።

ስለ ጆሮ ብናገር ደግሞ ይስቁብኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይበቃዋል ይላል፤ 3 ዴሲቤል በጨመርክ ቁጥር ሰዓቱን በግማሽ ቀንስ። 90 ላይ ስትደርስ የሳምንቱ ድርሻህ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የኛ ልጆች ይህን በአንድ በርጫ ይጨርሱታል። ለዚህ ነው መሰለኝ ስጠራቸው የማይሰሙኝ፤ እኔ ደግሞ ስድነት ነው ብዬ ስንት ቀን ተቆጥቻለሁ።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ሣጥኑን መለሰ። ሻጩ ገንዘብ አልመልስም ስላለው በምትኩ እውነተኛ 50 በ4 የሆነች፣ ብዙ የማትሞቅ «ክላስ ዲ» የምትባል ትንሽ ዕቃ አስመረጥኩት፤ ስፒከሩም ፊቱ ወረቀት ያልሆነ፣ የባሕሩ እርጥበት የማያበሰብሰው። የበሩን ቀዳዳዎች በማጣበቂያ ደፍነን ቤዙ ከበሩ እንዳያመልጥ እናደርጋለን፤ ይህ ብቻውን ከሺህ ዋት ይሻላል ብለው አላመነኝም። ኩርፊያው እስካሁን አለቀቀውም፤ ሣጥኗ ትንሽ ናት ብሎ ለጓደኞቹ አላሳየም።

አርብ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር ና ብዬዋለሁ። ዋናውን ፊውዝ ባትሪው አጠገብ እተክላለሁ፣ ሽቦው ቢነካካ እሳት እንዳይነሳ። ሽቦውን ራሱ ገዝቶ ይመጣል፤ «ንጹሕ መዳብ ነው ጋሼ፣ ሻጩ ምሎልኛል» ብሎኛል። ሻጩ ይማል። እኔ ጫፉን በቢላ እፍቀዋለሁ፤ ከሥሩ ነጭ አልሙኒየም ብቅ ካለ ልጁም፣ ሽቦውም፣ መሐላውም ወደመጡበት ይመለሳሉ።