የመመረቂያው አማካሪ

በአይቲ ማማከር ለሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠራ ሰው ደንበኛ ያስፈልገዋል። ደንበኛ ከጠፋ የቡልቡላ ከተማ አለች። በ2013 ዓ.ም. የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል፤ ስለዚህ ችግሯን ማንም ሳይጠይቃት መፍትሔው ተዘጋጅቶ ይደርሳታል፦ የሽንኩርት አምራቹን ከገዢው የሚያገናኝ መተግበሪያ።

መግቢያው የመንግሥትን «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ይጠቅሳል፤ ያልጠቀሰ ገምጋሚ ፊት አይቀርብም ነበር። ከዚያ በቀስት የተያያዙ ሣጥኖች ይከተላሉ። (ቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወደ አብያታ ሐይቅ ከሚያደርሰው ውኃ ይልቅ በቀስቶቹ የሚሄደው መረጃ ያለ ችግር ይፈሳል፤ ስላይድ ላይ የመስኖ ፓምፕ የለማ!)

ሰነዱ «መወገድ ያለበት ማነቆ» ብሎ የፈረጀው ደላላውን ነው። ደላላው ግን የአዲስ አበባን አትክልት ተራ ዋጋ ጎህ ሳይቀድ ያውቃል። የማን ማሳ መቼ እንደሚደርስ፣ የትኛው አይሱዙ ባዶውን እንደሚመለስ ያውቃል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይከራከራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ በባጃጅ ከተፍ ይላል። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ኮሚሽኑን አስቀድሞ ይቆርጣል፤ በዚህ እንኳ ከታላላቆቹ አማካሪ ድርጅቶች አያንስም።

መተግበሪያው በእንግሊዝኛ ነው። ለገበሬው የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይሰጠዋል ተብሏል፤ ይህ ሁለተኛው ምክረ ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል።

ፈታኞቹ ብዙ አላስጨነቁም፤ የገጹ ኅዳግ መጥበቡን ብቻ ነቀፉ። ተመራቂው «እጅግ በጣም ጥሩ» አገኘ። የዋጋውን መረጃ በሙሉ የሰበሰበው በስልክ ነበር፤ ከማን ቢሉ፣ ከደላላው።