የባቡር ወዳጆችን ውሎ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ከሰጡ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ከሐዲድ ጋር ብንኖርም፣ ሐዲድ ለማየት ብሎ ከቤቱ ለሚወጣ ሰው ከ«ሥራ ፈት» ሌላ ስም ያላወጣንለት በመሆኑ፤

ሰርግ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ ክትፎ ላይ ሳይቀር ካሜራ የሚደግን ሕዝብ፣ ባቡር ላይ የደገነውን ሲያይ ጥበቃ የሚጠራ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሐዲድ ሱሰኞች አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሚስቶች በሌላ ስም ቢጠሩት አያስጠይቅም።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «ባቡር ወዳጅ» ማለት የሚሄድበት ጉዳይ ሳይኖረው ቲኬት የሚቆርጥ፣ ደርሶም በዚያው የሚመለስ ሰው ነው። «መንገደኛ» ማለት የመስኮቱን ወንበር ይዞ እንቅልፍ የወሰደው ነው። በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ ሴቶቹ ግን እስካሁን የተሻለ ሥራ ያላቸው ይመስላል።

3. የከተማ ውሎ

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመር ነው። ጀማሪ ወዳጅ አንዱን መርጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳፈራል። የበሰለው ግን ከስታዲየም እስከ ልደታ ካለው አይርቅም፤ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ የሚጋሩት እዚያ ስለሆነ፣ እግሩን ሳያነሳ ሰማያዊውንም አረንጓዴውንም ይለቅማል። በሥራ መውጫ ሰዓት መሳፈር አልተከለከለም፤ ካሜራውን ከኪሱ የሚያወጣበት ክንድ ከተረፈው።

ለገሃር መውረድ ግዴታ ነው። የ1922ቱን ጣቢያና ጣሊያን ሮም ድረስ ወስዶት ኋላ የተመለሰውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያነሳል። ወደዚያ ሕንፃ የሚገባ ባቡር የለም። ወዳጁ ይህን እያወቀ ሰዓቱን የማየት መብቱ የተጠበቀ ነው።

4. የድሬዳዋ ጉዞ

አቅም ያለው ሁሉ ድሬዳዋ ይሄዳል። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከተማዋም በዙሪያው ተቆረቆረች። ከዚያ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ባቡሩ ዘገየ» ብሎ የሚያማርር ተሳፋሪ ይህችን አንቀጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይደረጋል።

የሚሄደው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ለቡ ጣቢያ ድረስ ያለው የታክሲ ጣጣ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ፎቶው መሀል የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቢገተር ይግባኝ የለውም። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ እንዲሁ ይታለፋሉ። መተሐራ ሲቃረብ ግን የተኛውን መንገደኛ መቀስቀስ ይፈቀዳል፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና እየሰፋ መጥቶ የድሮውን ሐዲድ መደብ ከፍ ያስደረገው የበሰቃ ሐይቅ እዚያ አሉ። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም መሆኑን ለጎረቤት መንገር የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎረቤት ጫት ከጋበዘ ሁለተኛ ይነገረዋል።

ድሬ ሲደርስ ወደ አሮጌው ጣቢያ ይገሰግሳል። የሽሚንደፈር (የድሮው ባቡር) ጡረተኛ ካገኘ «አባባ» ብሎ ጎንበስ ይበል። በፈረንሳይኛ ቢያወሩት አንገቱን ይነቅንቅ፤ ማቋረጥ ነውር ነው። አባባ የፉርጎውን በር በአውራ ጣታቸው ፈቅፈቅ አድርገው ከዝገቱ ሥር ያለውን ቀለም ሲያሳዩት ማንሳት ያለበት ጣታቸውን ነው፤ ፉርጎው የትም አይሄድም።

5. ስለ ጥበቃዎች

በአንድ ጣቢያ የተደረገ ምልልስ ለአፈጻጸም እንዲያመች ከዚህ በታች ሰፍሯል፦

«ማነው የላከህ?»
«ማንም። እሱን ላየው ብዬ ነው።»
«እሱን ማንን?»
«ባቡሩን፣ ጋሼ።»
«ባቡሩን አይተህ ምን ልታደርግ?»

እዚህ ላይ «ስለምወደው» ብሎ መመለስ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል፤ መታወቂያ ሁለቴ ያስመረምራል። «ለልጄ ላሳየው» የሚለው ይሻላል፤ ልጅ የሌለው የእህቱን ልጅ ይጥራ። «ክልክል መሆኑ የት ተጽፏል?» ያለ ግን ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል።

የዛገ ሞተር ምስጢር የለውም። አሮጌዎቹን ባቡሮች እየሰለለ ያለው ዝገት ነው፤ እሱን ደግሞ መታወቂያ የጠየቀው የለም። ዛሬ ያልተነሳ ፉርጎ ነገ ለቁራጭ ብረት ቢሸጥ፣ ነበረ የሚለን ማን ነው?

6. የተሻሩ ሕጎች

«አውቶቡስ እያለ ምን አስለፋህ?» የሚል ማንኛውም ልማድ፣ ምክርና የአማት አስተያየት በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከነገ የመጀመሪያው ባቡር ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ሐዲድ ዳር ካሜራ ደግኖ ትንፋሹን የያዘ ሰው ያየ ማንኛውም ዜጋ፣ ከፊቱ ዞር እንዲልለት በትሕትና ይለመናል።