ማሟሻ

ከአራተኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛ ፎቅ አንድ ሸክላ ማድረስ ምን ያስቸግራል? ደረጃው ሠላሳ ስድስት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እኔ ግን ለዚያች መንገድ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀሁ፤ ሸክላውም እንደ ተዋስኩት ሳይሆን ሌላ ነገር ሆኖ ደረሰ። ቡናው እስኪፈላ ላውጋችሁ።

የምንኖረው ሃውገንስቱዋ ነው። ከኦስሎ ማዕከላዊ ጣቢያ ወደ ሊለስትሮም በሚሄደው ባቡር ግሮሩድን እንዳለፋችሁ የምትወርዱበት፣ ትልልቆቹ ብሎኮች ያሉበት ሰፈር። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1854 የተከፈተው፣ የኖርዌይ የመጀመሪያው የባቡር መስመር መሆኑን የነገረኝ ጎረቤቴ ነው። ሰውየው የትሮንድሃይም ልጅ ነው፤ ስድሳን ሊደፍን ትንሽ ነው የቀረው። እዚህ እንደገባን መጀመሪያ በራችንን ያንኳኳው እሱ ነበር፤ የእንጀራው ሽታ ስቦት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ?

ሸክላው እኔ ጋ የመጣው በጃኖ ባንድ ምክንያት ነው። አንድ ማታ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ»ን፣ የጃኖን የመጀመሪያ አልበም አሰማሁት። የአፋሩ እሳተ ገሞራ ስም እንደሆነ ነገርኩት፤ ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላዝዌል የእኛዋ የእጅጋየሁ ሽባባው፣ የጂጂ ባለቤት መሆኑንም ጨመርኩለት። የሚጮኸው ጊታር በእኛ ቅኝት ሲሄድ ሰምቶ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ወርዶ፣ አንድ ሸክላ በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ። «ይህ ደግሞ የእኛ ነው» አለኝ።

የሞተርሳይኮ የመጀመሪያ አልበም ነበር፤ «ሎቦቶማይዘር»፣ እ.ኤ.አ. 1991። ታሪኩን ያን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት አወጋኝ። ባንዱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ትሮንድሃይም ውስጥ ነው፤ ቤንት ሴተር በቤዝና በድምፅ፣ ሃንስ ማግኑስ ሪያን በጊታር፣ ቼል ሩናር የንሰን በድራም። ስማቸውን ያገኙት ለንደን ሲኒማ ቤት ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ የራስ ማየር ሦስት ፊልሞች በተከታታይ ይታዩ ነበር፤ የሁለቱን ርዕስ ሌሎች ባንዶች ቀድመው ወስደውታል፤ አንዱን የሲያትሎቹ ሙድሃኒ፣ ሌላውን የሎስ አንጀለሶቹ ፋስተር ፑሲካት። የቀረው ሦስተኛው ነበር፤ እነሱም የተረፈውን አነሱ። ያ ሁሉ የሲያትል ጩኸት ዓለምን ሳያዳርስ፣ የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» እ.ኤ.አ. በ1991 መስከረም ሳይወጣ፣ እነዚህ ልጆች በዚያ ብርድ አገር ጊታራቸውን እያስጮኹ ነበር። ጎረቤቴ ሸክላውን በገዛ ገንዘቡ የገዛው በወጣበት ዓመት ነው። እኔ ያኔ ደሴ ነበርኩ፤ 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት የተለወጠበት ዓመት፤ የእኛ ቤት ሬዲዮ ከዜና ሌላ አያውቅም ነበር።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ጎረቤቴ ጠዋት ደውሎ፣ ልጁ በማግሥቱ ከትሮንድሃይም እንደሚመጣና ሸክላውን ሊያሰማው እንደሚፈልግ ነገረኝ። «አሁኑኑ አወርደዋለሁ» አልኩ። ወረድኩ፤ አንኳኳሁ፤ ሰው የለም። ገበያ ወጥቶ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ መጨረሷ ነበር፤ ወጥ ቤታችን ጠባብ ናት፤ ዱቄቱ፣ ቡሃቃው፣ ሰፌዱ ቦታ አልተረፈም። ያኔ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ ከደሴ። በእጄ የያዝኩትን ለጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ሳሎን ሄድኩ።

ያ ቦታ የኤሌክትሪክ ምጣዱ አክንባሎ ነበር።

የአገር ቤት ስልክ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የእናት ጤና አለ፣ የጎረቤት ሰርግ አለ፣ «ቆይ እገሌ ሰላም ትበልህ» አለ። ሃምሳ ደቂቃ። ባለቤቴ «አንተ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» ስትል ነው የባነንኩት። የካርቶን ሽታ ነበር። ማቀፊያው ከታች ጠይሞ፣ ወዝ ጠጥቶ፣ የጎመን ዘር ጠረን ይዟል። ሸክላውን ሳወጣው ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ተጠቅልሏል።

ደረጃውን ስወርድ ያልጠነሰስኩት ውሸት የለም። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ጎረቤቴ የገበያ ከረጢቱን አንጠልጥሎ በሩን እየከፈተ ነው። ውሸቶቼ ሁሉ እዚያው ጥለውኝ ጠፉ። ሰጠሁት። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ጎኑን አየው፤ አዞረው፤ እንደገና አየው። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ገብቶ ማጫወቻው ላይ አደረገው። መርፌው ዳገት እንደሚወጣ በቅሎ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ ይዘላል። የቤንት ሴተር ድምፅ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። ከልቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አንገቴን ደፍቼ አንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሲያበቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ምን ላይ አስቀመጥከው?»

ጎረቤቴን ይዤው ወጣሁ። ባለቤቴ ደንግጣ ከመሶቡ አቀረበች። እሱ ግን ዓይኑ የወደቀው ዳር ላይ በተቀመጠችው ትንሽ፣ ወፍራም፣ ዓይን በሌላት እንጀራ ላይ ነው። «ይቺስ?» አለ። ባለቤቴ በኖርዌይኛዋ አስረዳችው፦ ምጣዱ እንዲለመድ፣ ሙቀቱ እንዲታወቅ ቀድማ የምትጋገር ናት፤ ማሟሻ ትባላለች፤ ለእንግዳ አትቀርብም፤ ያለ እሷ ግን ቀጣዮቹ አያምሩም።

ሰውየው ማሟሻዋን አነሳት። «ሎቦቶማይዘር» አለ።

ከዚያ የነገረኝ ያን ማታ የዘለለውን ነው። ከዚያ አልበም በኋላ ድራመሩ ወጣ፤ ሆኮን ገብሃርድት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ድርቡ «ዲመን ቦክስ» ወጣና ብዙው ሰው ባንዱን ከዚያ ጀምሮ አወቀው። አገሬው ሁሉ የሚያወራው ዓይናማውን እንጀራ ነው፤ እሱ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ማሟሻዋን ይዞ ኖረ። ምክንያቱም ልጆቹ ምጣዱን ሲያሟሹ እዚያው ነበር፤ ገና ሲቃጠሉ፣ ገና ሙቀታቸውን ሲፈልጉ አይቷቸዋል። እኔም ስንት ዓመት ማሟሻ ሲቀርብልኝ ገፋ አድርጌ ከሥር ያለውን ስስብ መኖሬ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሌላ ቅጂ ልግዛልህ ብለው እምቢ አለ። የእሱን እንዳቀናው ግን ፈቀደልኝ። ሁለት መስታወት መሃል አድርጌ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ጭኜበታለሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያውን አንስቼ አያለሁ። ማሟሻዋን እየበላሁ። እስካሁን አልቀናም።