ምን ጨርሳ ነው?

ባለፈው ሰኔ ልጄ ተመረቀች። ስድስት ዓመቷ ነው። ጥቁር ጋዋን ለብሳ፣ ዘርፉ የሚወዛወዝ ቆብ ደፍታ በኪራይ አዳራሹ ቀይ ምንጣፍ ላይ ስትራመድ ያየ ሰው ሕክምና የጨረሰች ሊመስለው ይችል ነበር፤ ጋዋኑ ጠልፎ ሁለቴ ባይጥላት። የክብር እንግዳው ስለ አገር ተረካቢው ትውልድ 25 ደቂቃ ተናገሩ። አገር ተረካቢዎቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከፊት ወንበር ላይ እግራቸውን አጠላልፈው፣ ሽንታቸውን ይዘው ይቁነጠነጡ ነበር። አንደኛው አልቻለም። ጋዋን ጥቁር የሆነበት ምክንያት ያን ቀን ገባኝ።

እናቴ ለዚሁ ክብር ከመንዝ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታ ሁሉንም በጥሞና ስትመለከት ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ምን ጨርሳ ነው?»

«ኬጂ ሦስትን።»

«እሱ ደሞ ምንድን ነው? ዳዊት ደገመች?»

«ኧረ እማዬ፣ ዳዊት አይደለም።»

«እንግዲያስ ፊደል ለይታለች።»

«የእንግሊዝኛውን ለይታለች።»

እናቴ ዝም አለች። የእሷ ታላቅ ወንድም በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ቀን ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ በግ አርዷል፤ የኔታም በድግሱ ላይ መርቀውታል። ልጁ 150ውን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር የተወጣ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚደገሰው ልጁ አንድ ነገር ስለቻለ ነበርና፣ ኋላ ቀርነት ማለት ይህ ነው። እኛ ድግሱን ከችሎታው አላቅቀን ነፃ አውጥተነዋል። ልጄ ራሷ ይህ ሦስተኛ ምርቃቷ ነው። (የየኔታ አለንጋ ናፍቆኝ ነው እንዳትሉኝ፤ በአለንጋው አባቴ እስኪሞት ሲማረር ሰምቻለሁ። ድግሱን ብቻ ነው የማነጻጽረው።)

ለዚህ ወግ ማዕረግ እስክትበቃ የተከፈለው ዋጋ ግን መነገር አለበት። ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሳለች ለመግቢያ ፈተና ቀረበች። ሁለት ወር ሙሉ ቤታችን እራት ሲቀርብ ሳይቀር «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ሲባልባት ሰንብቷል። በፈተናው ቀን ፈታኟ ቀይ ኳስ አንስታ ቀለሙን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ልጄ ኳሱን ከእጇ ተቀበለችና ታነጥረው ጀመር። «ትኩረት ይጎድላታል» ተብሎ ተጻፈ። ኳስ ሲሰጡት የሚጫወት ልጅ፣ አስቡት! ቦታ ሞልቷል ተባልን። የሦስት ተርም ክፍያ በአንድ ጊዜ እንደምንከፍል ስናስታውቅ ግን ቦታውም ተገኘ፣ የልጅቷም ትኩረት ተመለሰ።

«ኬጂ» ሲባል «ጂ»ዋ ጋርደን ናት። ፍሬድሪክ ፍሮቤል የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለትናንሽ ልጆች መዋያ ከፈተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ኪንደርጋርተን፣ የልጆች አትክልት ሥፍራ፣ ብሎ ሰየመው። ልጆቹ በእንጨት ኩብ ይጫወቱ፣ ይዘምሩ፣ አፈር እየጫሩ ይተክሉ ነበር። ሰውየው ሥራ ፈት መሆን አለበት። እኛ ሥራ ስላለን ስሙን ሳይቀር አሳጥረን «ኬጂ»ን ወሰድን፤ አትክልቱን እዚያው ጀርመን ተውንለት። የልጄ ትምህርት ቤት ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ነው። ሳሎኑ ኬጂ ሦስት፣ ጋራዡ ኬጂ ሁለት፣ ሠራተኛ ቤቱ ነርሰሪ። ግቢው ሲሚንቶ ፈሶበታል። በግቢው የቀረ ብቸኛ ተክል ዘበኛው ለቡናው የሚቀጥፈው ጤና አዳም ነው፤ እሱንም እንዳይነኩ ተከልክለዋል። ከበሩ በላይ በትልቁ «ሞንቴሶሪ» የሚል ተጽፏል። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት እንደ አውሮፓውያኑ በ1907 የከፈተችው ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ደጅ ለደጅ ለሚንከራተቱ ልጆች ነበር። ስሟ እኛ ሰፈር ሲደርስ ክፍያ የሚያስጨምር ቅመም ሆነ።

ወደ ቋንቋው እንምጣ። ግቢው ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው። አማርኛ ያመለጠው ልጅ አንገቱ ላይ ካርቶን ይንጠለጠልበታል፤ ካርቶኑ የሚወርድለት አማርኛ ሲያወራ የሰማውን ሌላ ልጅ ሲያጋልጥ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ልጆቹ እንግሊዝኛውን ባይጨርሱትም ሰላይነትን አጠናቀዋል። ሽንት የመጣበት ልጅ ደግሞ «ሜይ አይ ጎ ቱ ዘ ቶይሌት ፕሊስ» ማለት አለበት። ሰባት ቃል ነው፤ ሽንት ደግሞ ሰዋስው አይጠብቅም። በየቦርሳው ቅያሬ ሱሪ እንድንልክ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። መምህርቷን አልወቅሳትም። ደመወዟ የእኛን የአንዲት ልጅ ክፍያ አያክልም። ጠዋት በር ላይ አንዱ ሕፃን እናቱን አልለቅም ብሎ ሲንሰቀሰቅ ወደ ውስጥ ታስገባውና በሩን ገጥማ በሹክሹክታ ስታባብለው ሰምቻታለሁ። በአማርኛ ነበር። ካርቶኑ አንገቷ ላይ እንዳይንጠለጠልባት ዝም ብዬ ሄድኩ።

ሆምወርክ አለላችሁ ደግሞ። «ኤ»ን ሦስት ገጽ፣ «ቢ»ን ሦስት ገጽ። ልጅቱ እርሳስ እንደያዘች ስታንጎላጅ እናቷ ትረከባታለች፤ ያዋቂ ጽሕፈት እንዳይመስል በግራ እጇ ትጽፍላታለች። በማግስቱ በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ቬሪ ጉድ፣ ሆኖም የእጅ ጽሑፏን ታሻሽል» የሚል አስተያየት ይመጣል። ባለቤቴ እስካሁን አላሻሻለችም።

ይህን ሁሉ ትምህርት ቤቱ ብቻውን አላመጣውም፤ ለምነን ነው ያመጣነው። በወላጆች ስብሰባ አንድ አባት ተነሥተው «ልጆቻችን ከመጠን በላይ ይጫወታሉ» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። እኚሁ ሰው በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ጠቅሰው፣ ምክንያቱ እንግሊዝኛ ዘግይቶ መጀመሩ ስለሆነ ከሁለት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ዳይሬክተሩ ሐሳቡን በደስታ ተቀበሉት። ዘንድሮ «ቤቢ ክላስ» ተከፍቷል፤ ዘበኛው ቤት ውስጥ። ዘበኛው በር ላይ ያድራሉ።

መንግሥትን አንማ፤ ፖሊሲው ግሩም ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት በልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩር፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትም በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ይል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ፣ ለቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ ይዘው ብቅ አሉ። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ባለ ቪላው ሦስት ይሻላል ብሎ ወስኗል፤ ከቤቢ ክላሱ ጋር አራት። የሱፐርቪዥን ቡድን የሚመጣ ቀን ካርቶኖቹ ከአንገት ይወርዳሉ፣ አሻንጉሊቶቹም ከተቆለፈባቸው ቁም ሳጥን ይወጣሉ። ልጄ ያን ዕለት እቤት ስትገባ ፊቷ በርቶ «ዛሬ ተጫወትን!» አለችኝ። ሱፐርቪዥን በየቀኑ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

መክፈል ለማይችለው ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ኦ-ክፍል አለች። ዜሮ ክፍል የሚሏትም አሉ፤ ስም አውጪው ሐቀኛ ሰው ነው። ልጁ ለትልልቆች በተሠራ ዴስክ ላይ ይቀመጥና እግሩ መሬት ሳይነካ ዓመቱን ይጨርሳል። ኦ-ክፍልም ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች «ከልጅ ለልጅ» የሚባል መርሐ ግብር ታስቦላቸዋል፤ ከፍ ያሉ ተማሪዎች የጎረቤት ታናናሾቻቸውን እያጫወቱ ፊደልና ቁጥር ያስለምዷቸዋል። የድሃ ነገር ሆኖ ጠጠር እየቆጠሩ፣ በገዛ ቋንቋቸው እያወሩ ነው የሚማሩት። ካርቶን እንኳ የላቸውም።

ምርቃቱ ሲያበቃ ልጄ ሰርተፍኬቷን ይዛ ወደ እናቴ ሮጠችና «ግራንድማ! አይ አም ግራጁዌት!» አለቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለችኝ?»

በገዛ እናቴና በገዛ ልጄ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ቆምኩ። «ተመረቅሁ እያለችሽ ነው።»

«ይመርቅሽ ልጄ» አለች እናቴና ሳመቻት፤ ቀጥላም ከመንዝ በፌስታል ቋጥራ ያመጣችውን ቆሎ አወጣች። ሁለቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ቆሎውን ሲቆጥሩ አየኋቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥር ሳይሞላ ልጄ እናቴ ጭን ላይ ተኛች። እናቴ ነጠላዋን ጋዋኑ ላይ ደረበችላት።

ጋዋኑ እስከ ሰኞ ካልተመለሰ በየቀኑ 100 ብር ያስቀጣል።