የነፃ ስልክ ገባር

ስልክ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው አንጀቴን ይበላዋል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ። አሥር ሆነው በየሳምንቱ መቶ መቶ ዶላር የሚጥሉት እቁብ በሰባተኛው ሳምንት ወጣለት። ሺውን ዶላር ቆጥሮ፣ ከኪሱ ስልሳ ያህል መርቆ፣ አይፎን 16 ፕሮን በ999 ዶላር ከነሜሪላንድ 6 በመቶ ታክሱ ገዝቶ ወጣ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ስልክ የጠየቀው የለም። ቢል አይመጣለትም፣ "ውድ ደንበኛችን" የሚለው ሰው የለውም። ወር ሲገባ ለአንድ ርካሽ የቅድሚያ ክፍያ መስመር 25 ዶላር ጣል ያደርጋል፤ ካልተመቸው በማግስቱ ሌላ ጋ ይሄዳል። በሰው አገር ፈላጊ የሌለው ሰው እንዴት ያሳዝናል!

እኔ ተመስገን ነው፣ ፈላጊ አለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ የስልክ ኩባንያ ሱቅ ገባሁ። የተቀበለኝ ልጅ ሀበሻ ነበር፤ ፂሙን የተላጨ፣ የኩባንያውን ካናቴራ የለበሰ፣ ጨዋ ልጅ።

"ጋሼ፣ ዛሬ በጥሩ ቀን ነው የመጡት። ስልኩ ነፃ ነው።"

"ነፃ ነፃ?"

"ነፃ። ሠላሳ ስድስት ወር ነው፤ እሱን አይዩት።"

እንዳላየው ነገረኝ፣ አላየሁትም። አሮጌውን ስልኬንም "ትሬድ ኢን" ብሎ ተቀበለኝና መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ አራት ዓመት የኪሴ ባልደረባ ከነበረ ስልክ ጋር ደህና ሁን እንኳ ሳንባባል ተለያየን። ከዚያ ደረሰኙ መጣ። ታክስ 59 ዶላር ከ94 ሳንቲም። አክቲቬሽን 35። ልባስና መስታወት 60።

"ነፃ ከሆነ ታክሱ የምንድነው?" አልኩት።

"መንግሥት ስልኩን በሙሉ ዋጋው ነው የሚያየው፣ ጋሼ።"

"እኔስ?"

"እርስዎ በነፃ ነው የሚያዩት።"

ነፃውን ስልኬን ይዤ ስወጣ 154 ዶላር ከ94 ሳንቲም ከፍዬ ነበር። ያባቶቻችን ተረት "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይላል። ዘመን ሠለጠነና ወረቀቱ ቀረ፤ አሁን መስታወት ላይ በጣት ነው የሚፈረመው። ሞኙ ግን እንዳለ አለ፤ እሱን የሚተካ ቴክኖሎጂ ገና አልተገኘም።

የነፃነቱን አሠራር ላስረዳ፤ ውብ ነገር ነውና። 999 ለ36 ሲካፈል 27 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይሆናል፤ ሳንቲም አይጎድል፣ ሳንቲም አይተርፍ። ኩባንያው በየወሩ ቢሌ ላይ "የስልክ ክፍያ 27.75" ብሎ ይጽፋል፤ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ "ክሬዲት 27.75" ብሎ ይቀንሰዋል። በየወሩ ያበድረኛል፣ በየወሩ ይምረኛል። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ሰው ወተቷን አያይም፤ እኔ ግን በወር አንዴ በወረቀት አያታለሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች፦ ምሕረቱ የሚወርደው ውዱን ፕላን ለያዘ ነው። የኔ በአንድ ላይን 85 ዶላር ነበር፤ የወዳጄ 25 ነው። ልዩነቷ 60 ዶላር ናት፤ በ36 ወር ስትባዛ 2,160 ዶላር ትሆናለች። ስሌቱን ሠርቶ ያሳየኝ ያው ምስኪን ወዳጄ ነው፤ ቡና ቤት ናፕኪን ላይ። ቅናት መሆኑ ገባኝ። ናፕኪኑን አፌን ጠረግኩበት።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤቲ ኤንድ ቲ አይፎን 3ጂን በ199 ዶላር ሲሸጥ የሁለት ዓመት ውል አብሮ ያስፈርም ነበር። ውል ያፈረሰ ይቀጣል፤ ቬራይዘን በ2009 መገባደጃ የስማርትፎኑን ቅጣት ወደ 350 ዶላር አሳደገው። ጨዋነት ያልነበረበት ዘመን! ቅጣትን ቅጣት ብለው ነበር የሚጠሩት። በ2013 ቲ-ሞባይል "ውል ቀረ" ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2016 መጀመሪያ ተከተሉት። ሕዝቡ እልል አለ። ውሉ ከቀረ ወዲህ ሁለት ዓመት የነበረው ቆይታ እያደገ ሦስት ዓመት ገባ፤ ቅጣቱም ቀረ። በሃያኛው ወር ልሂድ ብል ማንም አይቀጣኝም፤ የቀሩት 16 ክሬዲቶች ብቻ ይተናሉ፣ 444 ዶላሩም በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ቅጣት አይደለም እኮ፤ የራሴው ነፃ ስልክ ዋጋ ነው።

አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ያውቁታል። ገባሩ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስቱ ይሰፍራል፣ ለበዓል ሙክት ይነዳል፣ አቤቱታ ሲኖረው ደጅ ይጠናል። የኔ ደጅ ጥናት በስልክ ነው፤ "ጥሪዎ ለኛ ታላቅ ነገር ነው" እያለች የምታባብል ሴት አለች፣ መሐል መሐሉን ዋሽንት የሚመስል ሙዚቃ ይገባል። አንድ ቀን ሽንኩርት ከትፌ፣ አቁላልቼ፣ በርበሬውን ጨምሬ፣ ወጡ ሲንተከተክ ሰው አነሣው። ልዩነቱ ምንድነው፣ ጭሰኛ ይፈራ የነበረው ከመሬቱ መነቀልን ነው፤ የኔ ባለርስት የሚፈራው ግን ትቼው እንዳልሄድ ነው። እንዲህ የሙጥኝ ያለኝ ፍጡር በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" እያሉ ፓርላማ ደጃፍ ድረስ ተሰለፉ፤ አሥር ዓመት ቆይቶ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጣ። ከነዚያ ሰልፈኞች አንዳንዶቹ ዛሬ እዚሁ ሜሪላንድ ጡረታ ላይ ናቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ እንደኔው የ36 ወር ስልክ አለ። "ስልክ ለደዋዩ" ብሎ የወጣ ሰው ግን እስከዛሬ አላየሁም። እኛ የምንሰለፈው መስከረም ላይ አዲሱ አይፎን ሲወጣ ነው።

አሁን ወደ ፋሚሊ ፕላኑ ልምጣ፤ ትዳርና ዝምድና የሚፈተነው እዚያ ነውና። የሱቁ ልጅ በሁለተኛው ወር "ጋሼ፣ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? ላይን ሲጨምሩ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ሦስት ካደረጉ አራተኛው ነፃ ነው" አለኝ። "ነፃ" ስትባል ጉልበቴ ይከዳኛል። ሚስቴን አስገባሁ። የሚስቴን የአክስት ልጅ አስገባሁ። ላይኑ በአንድ 65 ወረደ፤ የሦስታችን 195 ሆነ። 85 ይከፍል የነበረ ሰው በቅናሹ ምክንያት 195 መክፈል ጀመረ። አራተኛው ነፃ ላይን ከአንድ ትንሽ ነፃ ስልክ ጋር መጣ፤ የሚደውልበት ሰው ስላልነበረን ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከማማሰያው ጎን አስቀመጥነው። ነፃ ቢሆንም ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ አለው፣ በወር ሰባት ዶላር ከምናምን። ላለመደወል ሰባት ዶላር ብዙ አይደለም።

ሁሉም ላይን የተያዘው በኔ ስምና በኔ ክሬዲት ስኮር ነው። ማለትም የእቁቡ ዳኛ ነኝ። ግን የእቁብ ዳኛ ይከበራል፤ ከወንበሩ ሲነሣ ሰው አብሮ ይነሣል። የፋሚሊ ፕላን ዳኛ ወር በገባ በአንደኛው ቀን "ወንድሜ፣ ገንዘቡን በዜል መላኩን ረሳኸው መሰለኝ" እያለ የሚለማመጥ ሰው ነው። የአክስት ልጅ ሆዬ በአምስተኛው ወር ስልኩን መኪና በር ላይ ቀረቀረው። በስምንተኛው ወር "አድርጌልህ ነበር እኮ፣ አልደረሰህም?" ማለት ጀመረ። በአሥራ አንደኛው ወር ዴንቨር ሄደና ሌላ መስመር አወጣ። "የኔን ዝጋው" ብሎ ቴክስት ላከልኝ። ልዘጋው ስል 25 ወር ቀርቶታል፤ ሂሳቡ 693 ዶላር ከ75 ሳንቲም። ደወልኩለት።

"ስልኩ አንተ ጋ አይደለም እንዴ?"

"አዎ፤ ግን ነፃ ነው ብለኸኝ ነበር" አለኝ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እውነቴን ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ አንዱ ዲያቆን፣ አንድ ምግብ ቤት ጥግ ላይ ተሰበሰቡና 11 ገጹን ቢል ተራ በተራ መነጽራቸውን እያወረዱ አነበቡ። ርስት ያስታረቁ፣ ባልና ሚስት ያስማሙ ሰዎች ናቸው። ክትፎው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ወረቀቱን አጥፈው "ልጄ፣ የሰጠህ ማነው? የወሰደብህስ ማነው?" አሉኝ። "አንድ ሰው ነው" አልኳቸው። ዲያቆኑ "ይህ በፍትሐ ነገሥትም የለ" አለ። ፍርዱ የአክስት ልጅ በወር ሃያ ዶላር እንዲልክ ነበር። አንዴ ልኳል።

በበጋው አገር ቤት ገባሁ። ወዳጄም በዚያው ሰሞን ነበር። እሱ ቦሌ እንደደረሰ ስልኩ ላይ ኢሲም አስጭኖ "ሄሎ" ማለት ጀመረ። የኔ ግን እምቢ ቢል አንድ ትንሽ የስልክ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ልጅ ስልኩን በጎን አየው፣ በሌላው ጎን አየው፣ በጥፍሩ ዳሰሰው። የአሜሪካው አይፎን ከ14 ወዲህ የሲም ቀዳዳ እንደሌለው ያውቃል፤ የፈለገው ተስፋ ነው። ቅንብሩን ከፈተና ጽሑፉን አነበበ፤ ስልኩ ተቆልፏል። ድሮ ከሲሙ ሥር በምትገባ ቀጭን ቺፕ ይታለፍ ነበር፤ ይሄኛው ማስገቢያም የለው።

"ጋሼ፣ ይሄ ስልክ የማነው?"

"የኔ ነው።"

"አይደለም" አለኝ፣ በትሕትና፣ ስልኩን በሁለት እጁ እየመለሰልኝ።

እንዴት ላስረዳው? እ.ኤ.አ. በ2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ ሰው ስልኩን ማስከፈት ይችላል የሚል ሕግ ፈርመዋል ብለው፣ "ታዲያ ለምን አልተከፈተም?" ሊለኝ ነው። የኔ ኩባንያ እዳው ሳያልቅ አይፈታም። ልጁ ከመጠን በላይ ጥያቄ የሚያበዛ ዓይነት ስለነበር ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በወዳጄ ስልክ ስደውል ከረምኩ። አንዴም አልተናገረኝም፤ ናፕኪንም አላወጣም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ፕላኔ "አንሊሚትድ" ይባላል፤ ገደብ የለሽ። ወደ ኢትዮጵያ መደወል ግን አይጨምርም። አሜሪካ ውስጥ ላሉ ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ያለ ገደብ መደወል እችላለሁ፤ ለእናቴ አልችልም። እሷን በቴሌግራም ነው የማገኛት፤ እሱ ደግሞ በ25 ዶላሩም ይሠራል። "ልጄ፣ ስልክህ ትልቅ ነው አሉ" አለችኝ አንድ ቀን። "አዎ እማዬ" አልኳት። "ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?" አለችኝ። ኔትወርክ ነው አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔ ሸሚዝ ስተኩስ፣ ሚስቴ ጓዳ ቡና ስትቆላ፣ አንድ የማናውቀው ጥሪ ተሰማ። ቴሌቪዥኑን አየን፣ በሩን አየን። ድምፁ ከመሳቢያው ነበር። አራተኛው ነፃ ላይን! ለካ ሚስቴ አንዳንዴ እያዘነችለት ቻርጅ ታደርገዋለች። ማማሰያውን ገፋ አድርጌ አነሣሁት። የኩባንያው ሰው ነው፤ ድምፁ ማር። ታማኝ ደንበኛ በመሆኔ አምስተኛ ላይን በነፃ ሊሰጠኝ መመረጤን ነገረኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ካውያው ሸሚዙን ማሳረር እስኪጀምር አዳመጥኩት።

"ማነው?" አለች ሚስቴ ከጓዳ።

የስልኩን አፍ በእጄ ሸፈን አድርጌ "ጌቶች ናቸው" አልኳት።