የስፖንጅ አርበኛ

ልጄ ጀግና ሊሆን ስለተነሣ ቤታችን ውስጥ መቀመጫ ከጠፋ ሦስት ወር ሆነው። ሶፋው ላይ ክንድ፣ ወንበሩ ላይ ጭን፣ ረከቦቱ ላይ ደግሞ ቀለሙ ያልደረቀ የራስ ቁር ተደፍቷል፤ እናቱ ስኒ ይዛ የምታሳርፍበት አጥታ ትንጎራደዳለች። እኔ ቅሬታ የለኝም። የሰው ልጅ በየመንገዱ ሲባዝን የእኔው እቤቱ ተቀምጦ ማስቲሽ ይለቀልቃል። እኛ ባደግንበት ሰፈር ማስቲሽ የያዘ ልጅ ሲታይ እናቶች ያማትቡ ነበር፤ እዚህ ሜሪላንድ ግን «ፈጠራ» ይባላል። ሰው አገሩን ለቆ የሚሰደደው ለካ ያለምክንያት አይደለም።

ሥራው ኮስፕሌይ ይባላል። የፊልም ወይም የጌም ገጸ ባሕርይን ልብስ ለብሶ፣ እሱን መስሎ አደባባይ መውጣት ነው። ስሙን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ያወጣለት ኖቡዩኪ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1939 ኒው ዮርክ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ፣ ፎረስት አከርማን የሚባል ወጣት ከመጪው ዘመን የመጣ ሰው መስሎ ካባ ደርቦ ተገኘ። ለዓመታት ስሙ የተነሣው የእሱ ነው። ልብሱን የሰፋችው ግን አብራው የሄደችው ሚርትል ዳግላስ ናት፤ የራሷንም የእሱንም። ይህን ለባለቤቴ ባጫውታት ቀና ብላም አላየችኝ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የጀግናውን የጉልበት መከላከያ በላስቲክ እየጠቀመች ነበር። «በእጄ የሠራሁት» ማለት፣ እጁ የማን እንደሆነ የማይጠየቅበት ሙያ ነው።

የእኛ ቤት ጀግና ማስተር ቺፍ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 2001 የወጣው ሄሎ የተባለው ጌም ወታደር ነው። ይህ ሰው በጨዋታው ውስጥ የራስ ቁሩን አውልቆ ፊቱን ሙሉ በሙሉ አሳይቶ አያውቅም። ስለዚህ ልጄ ሰው እንዲያየው ሦስት ወር ለፍቶ፣ ማንም እንዳያየው ተሸፋፍኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ትሕትና በየገዳሙ እንኳ አልገጠመኝም፤ መነኩሴም ቢሆን ቆቡ ከግንባሩ አይወርድም።

በተረቱ ውስጥ ወታደሩ ከነጥሩሩ ግማሽ ቶን ያህል ይመዝናል። የእኛ ጥሩር ግን ኢቫ ከሚባል ስፖንጅ የተሠራ ነው፤ ሸበጥ የሚሠራበት፣ ሕፃናት እንዳይጎዱ ወለል ላይ የሚነጠፈው ያው ስፖንጅ። ልክ ለመውሰድ ልጁ በቀጭን ላስቲክ ከአንገቱ እስከ ጭኑ ተጠቀለለ፤ በላዩ በፕላስተር ተገነዘ፤ ከዚያ በመቀስ ተሰንጥቆ ወጣ። ለቡና የመጡ ጎረቤታችን በር ከፍተው ሲያዩት «እግዚኦ! ምን አገኘው?» ብለው ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ነበር። ከቅርፊቱ ላይ ንድፍ ተነሣ፤ ስፖንጁ በከተር ተቆረጠ፤ ሙቅ አየር እየተነፋበት ጎበጠ፤ በማስቲሽ ተጋጠመ፤ አረንጓዴ ተቀባ።

አለቀ ስል ዋናው ሥራ ገና ነበር። ልጄ ሁለት ሙሉ ቀን ተቀምጦ፣ ገና ከቤት ያልወጣውን አዲስ ጥሩር በብርማ ቀለምና በጥቁር ብናኝ ማስረጀት ያዘ። ትከሻው ላይ ጥይት የጫረው፣ ደረቱ ላይ ጎራዴ የነካው፣ ጉልበቱ ላይ በጭቃ የተንበረከከ መሰለ። ቁስሉን ሁሉ በቀጭን ብሩሽ ቀባው። ዕድሜ ልካቸውን ጠባሳቸውን በሸማ ሲሸፍኑ የኖሩ አያቱ ይህን ሳያዩ በማለፋቸው አዘንኩ፤ እሳቸው ያለ አንዳች ሥዕል ትምህርት፣ በዱር በገደል፣ በከንቱ ነበር የቆሰሉት።

የጓደኛው ጥበብ ደግሞ ይብሳል። ጓደኛው የሚመስለው ማሪዮን ነው። ማሪዮን በፈረንጆቹ 1981 ዶንኪ ኮንግ ለተባለው ጌም የፈጠረው ሺጌሩ ሚያሞቶ፣ በዚያን ጊዜ ማሽን ስክሪን ላይ የነበሩት ነጥቦች ጥቂት ስለሆኑ፣ ፀጉር መሣል ቢከብደው ኮፍያ ደፋለት፤ አፍ መሣል ቢከብደው ጢም አወጣለት፤ እጁ ሲንቀሳቀስ ተለይቶ እንዲታይ ቱታ አለበሰው። ሰውየው ድካም ቀነሰ። የልጄ ጓደኛ ግን ላብ የማያላቅቀው ጢም ፍለጋ አንድ ሳምንት ትምህርቱን ረሳ። ሠዓሊው የሸሸውን ድካም አድናቂው በገንዘቡ ገዛው፤ ልግስና ይሏል ይህ ነው።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ኋላ ቀር ነበሩ። ጎፈር የሚደፋው ግዳይ የጣለ ሰው ነበር፤ መጀመሪያ ጫካ ይገባል፣ አንበሳውን ይገጥማል፣ ከተረፈ ልብሱ ይመጣለታል። ልብሱ ደረሰኝ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተስተካክሏል፤ ልብሱ ቀድሞ ይሰፋል፣ ግዳዩ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በሁለት አውራ ጣት ይፈጸማል። ከተሞትም ጨዋታው መጨረሻ ከተመዘገበበት ይቀጠላል። ለምን ይዋሻል? ይህ ለአንበሶቹም ይሻላል።

የካቲት ደረሰ። በየዓመቱ ካትሱኮን የሚባለው የአኒሜ ጉባኤ በናሽናል ሀርበር፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው ትልቅ ሆቴል ይደረጋል። ግማሽ ቶን የሚመዝነው ጀግና በመኪናዬ በር አልገባ ብሎ፣ እግሩን ፈትተን ሻንጣ ውስጥ ጫንነው። የስፖንጅ ጠመንጃው በር ላይ ተፈተሸ። ከዚያ በኋላ የእኔ ማዕረግ ታወቀ፤ ጋሻ ጃግሬ ሆንኩ። በራስ ቁሩ ውስጥ እንዳይታፈን ትንሽ ማራገቢያ ተገጥሞለታል፤ እግሩ ሥር ያለውን ስለማያይ ክንዱን ይዤ ደረጃ አወርደዋለሁ፤ ሲጠማው በቀሰም ውኃ አጠጣዋለሁ። መቀመጥ አይችልም። ስለ ሽንት ቤት የጠየቅኩትን ጥያቄ ባልጠይቅ ይሻል ነበር፤ የጌም ጀግኖች ይህ ጣጣ ስለሌለባቸው ልብሳቸው በዚያ በኩል መክፈቻ የለውም።

በመስታወት ጣሪያው ሥር፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ለመነሣት በሚሰለፍባት ጎጆ መሳይ ሰገነት ላይ ልጄ ወጣ። «ቺፍ!» እያሉ ካሜራዎች ተኮሱበት። ደረቱን ነፋ፤ ዘራፍ ግን አላለም። በዚህ መሐል የጉልበቱ መከላከያ ተላቀቀ፤ እናቱ ሌሊት የጠቀመችው ላስቲክ ሳይሆን እሱ የለጠፈው ማስቲሽ ነበር የከዳው። ጋሻ ጃግሬው ተንበርክኬ ለጠፍኩለት። አንድ ሰው እኔንም ጨምሮ ፎቶ አነሣና «አንተ ደግሞ ማንን ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ታክሲ ነጂ» አልኩት። «አሪፍ፣ እውነተኛ ነው የምትመስለው!» አለኝ።

ይህ ሁሉ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት የካቲት 23 ሆነ። ይሄ እንግዲህ ሌላ ነገር ነው፤ ይሄ ጨዋታ አይደለም፤ ታሪክ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን ለማክበር በአካባቢያችን አዳራሽ ሁላችንም በአርበኛ ልብስ እንገናኛለን። ካባዬን ደረብኩ፤ ጎፈሬን ደፋሁ፤ ጦሬን ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ። ጎንበስ ቀና እያልኩ ሽለላዬን ስለማመድ ልጄ በሩን ተደግፎ ያየኛል።

«አባዬ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«ጎፈር ነዋ! የአንበሳ።»

«አንበሳውን ማን ገደለው?»

አምና ከአንድ ሱቅ እንደገዛሁት ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ከራሴ ላይ አንሥቶ ገለበጠው። ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ቁራጭ ጨርቅ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «መቶ በመቶ ፖሊስተር»። ከዚያ በሙያተኛ ዓይን ፀጉሩን ደባበሰና፣ «ማስረጀት ይቀረዋል» ብሎ መልሶ ደፋልኝ።

ዓይኔን ወደ ጋሻዬ መለስኩ። ማንገቻው ተላቅቆ ተንጠልጥሏል፤ በዓሉ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

«ስማ እንጂ» አልኩት፣ «ማስቲሽህ አልቋል እንዴ?»